የቅርብ ጓደኛዋ እንደተናገረችው

ስልኩ ከኋላ ወንበር ተነስቶ እጅ በእጅ እየዞረ ወደ ፊት መጣ። የሒሳብ መምህሩ ገና አልገቡም፤ የታፈነ ሳቅ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይዘላል። ሬዲዮ ስልኩ እስኪደርሳት መጠበቅ አልቻለችም። ሬዲዮ የመዝገብ ስሟ አይደለም፤ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አፏ ተዘግቶ ስለማያውቅ የወጣላት ቅጽል ነው። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት። በእረፍት ሰዓት በግቢው ድምጽ ማጉያ የሚተላለፈውን የተማሪዎች ፕሮግራም የምታቀርበው እሷ ስለሆነች ቅጽሉ ጭራሽ ተጣብቆባት ቀርቷል።

«ስጡኝ እስቲ» ብላ ስልኩን ከፊቷ ከተቀመጠው ልጅ እጅ ቀማችው።

ፎቶው የጭምት ነው። ጭምት አብራት አንድ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነች ዝምተኛ ልጅ ናት። መምህራኑ «ሬዲዮንና ጭምትን አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ሚዛን ያውቃል» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ፎቶው የተነሳው የአሎሎው ብረት ከእጇ በወጣበት ቅጽበት ነው፤ ጉንጮቿ ተነፍተው፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ፣ አንድ ዓይኗ ተጨፍኖ። ማንም ሰው በዚያች ቅጽበት ፎቶ ቢነሳ እንደዚያው ነው የሚሆነው። ከበላዩ በትልልቅ ፊደል «በር የሚጠብባት የአሎሎ ንግሥት» ይላል። ገጹ ደግሞ ከተማው ሁሉ የሚከታተለው የስፖርት ገጽ ነው።

ሬዲዮ ማንበብ ቀጠለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«‹እሷ ስትመጣ የቤታችን በር ስለት ይሳላል› ስትል አንዲት የቅርብ ጓደኛዋ አጫውታናለች። ወርዋሪዋ ጫማ የምትገዛው ከወንዶች ሱቅ መሆኑንም ይህችው ጓደኛዋ አልደበቀችንም።»

ቃሉ የራሷ ነበር። አንድ ፊደል አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰለትም።

ክፍሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ጭምት በር ላይ ቆማለች። አሰልጣኟ አቆይተዋት ነው የዘገየችው፤ ፀጉሯ ላይ የሜዳው አቧራ አለ። የሁሉንም ዓይን ተከትላ ስልኩን አየችና እጇን ዘረጋች። ሬዲዮ ሰጠቻት። ጭምት እንደቆመች አነበበችው፤ ሁልጊዜም ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ስትጨርስ ስልኩን ለባለቤቱ መልሳ «አመሰግናለሁ» አለችው። ከዚያ ተቀመጠችና የሒሳብ ደብተሯን ገለጠች። ገጹን ግን እስከ ክፍለ ጊዜው ማብቂያ አላዞረችውም።

ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ነው። የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበር። ጭምት በሦስተኛ ሙከራዋ ብረቱን አሥራ ሦስት ሜትር ከአርባ ሁለት ላከችው፤ የተማሪዎች ክብረ ወሰን ምልክት ከሆነችው ትንሽ ባንዲራ አልፎ አረፈ። ስቀው የማያውቁት አሰልጣኟ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሬዲዮ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ጮኸች። በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ከጓደኛዋ የሚበልጥባት ሰው አልነበረም፤ ይህ ውሸት አይደለም።

ከዚያ ጋዜጠኛው መጣ። ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ጥርሱ ፈገግታ የማያጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ወደ ጭምት ሄደ።

«ክብደትሽ ስንት ነው?»

«ብረቱ ሦስት ኪሎ ነው» አለችው ጭምት።

«የብረቱን አይደለም፣ ያንቺን።»

«የወረወርኩት እኮ ብረቱን ነው።»

ጋዜጠኛው ሳቀ እንጂ አልጻፈውም። ቀጥሎ ወደ ፌንጣ ሄደ። ፌንጣ ከፍታ ዘላይ ናት፤ ቅጠል የምታህል ቀጭን ልጅ። ፀጉሯን እንድትፈታና ወደ ጎን ዞር ብላ እንድትቆም ነገራት፤ ስለ ዝላይዋ ምንም ሳይጠይቃት ብዙ ፎቶ አነሳት። በመጨረሻ ሬዲዮን አየ።

«ስትጮኺ ሰምቼሻለሁ። ይሄ አፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው» አለና ማይክሮፎኑን አቀበላት። እውነተኛ ማይክሮፎን፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ስፖንጅ ያለው። «ጓደኛዋ ነሽ አይደል? እስቲ ስለሷ አንድ የሚያስቅ ነገር ንገሪኝ። ሰው ደረቅ ወሬ አይወድም።»

ሬዲዮ የበሩን ቀልድ ነገረችው። ጋዜጠኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ትልቅ ሰው፣ ያውም ጋዜጠኛ፣ በእሷ ቀልድ እንዲህ ሲስቅ አይታ አታውቅም። «ሌላስ?» አለ ዓይኑን እየጠረገ። የጫማውን ነገር ያወጣባት ያ «ሌላስ» ነው። ጫማውን አብረው ነበር የገዙት፤ ቁጥሩ አርባ ሦስት ነው። ጭምት ሱቁ በር ላይ ክንዷን ይዛ «ለማንም እንዳትነግሪ፣ በሞቴ» ብላታለች። ሬዲዮም «ምን ነካሽ፣ እኔ ነኝ እኮ» ብላ ነበር።

እረፍት ሲሆን ሁለቱ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተቀመጡ። ጭምት «ፌንጣ ናት» አለች።

«እ?»

«የተናገረችው። ከአንቺ ሌላ የጫማዬን ቁጥር የሚያውቅ የለም። እሷ ግን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አንስታ አይታዋለች። ያውም ቅዳሜ ዕለት።»

«ከአንቺ ሌላ» ያለችው እንደ ዋዛ ነው። ለአፍታ እንኳን አልጠረጠረቻትም። ሬዲዮ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ትንሽ ብትገፋው ይወጣ ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አለች።

ሁለት ቃል ናት። ቅዳሜ የተናገረችው ሁሉ ተደምሮ እንደነዚህ ሁለት ቃላት አልከበዳትም።

ጽሑፉ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከሥሩ አስተያየቱ በመቶ ተቆጠረ። «ከእሷ ጋር የተጣላ ነፍሱን ይማረው» ይላል አንዱ፤ ሌላው «ማን ያገባታል?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ወንድ ናት እንዴ? ትመርመር» ብሎ ጽፏል። ሬዲዮ ታክሲ ውስጥ ሁሉንም አነበበች። አንዳንዶቹ ጸሐፊዎች የሚያውቋት የክፍል ልጆች ናቸው። አሥራ ሦስት ሜትር ከአርባ ሁለትን የጠቀሰ ሰው አንድም አላገኘችም። ለነገሩ ጽሑፉ ራሱ አልጠቀሰውም።

ሐሙስ ዕለት ሁለተኛ ጽሑፍ ወጣ። «ብዙዎች እየጠየቁ ነው፤ ይህች ልጅ በእርግጥ ከሴቶች ጋር መወዳደር አለባት?» የሚል። ጠያቂዎቹ እነማን እንደሆኑ አልተጻፈም። በማግሥቱ ከውድድር አዘጋጆቹ ወደ አሰልጣኟ ስልክ ተደወለ፤ የቅዳሜው አሸናፊዎች ለሚሄዱበት ለትልቁ ውድድር ከመመዝገቧ በፊት የልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት ይቅረብ ተባለ። የጭምት አባት የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ጉዟቸውን ሰርዘው መጡና ወረቀቱን በላስቲክ ማኅደር ይዘው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ ቆሙ። ሬዲዮ በመተላለፊያው ስታልፍ አዩዋት።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አሏት። «ቤት ውስጥም አታወራ። ድሮም አታወራም፤ አሁን ግን ዝምታዋ ሌላ ሆነብኝ። አንቺ አለሽላት ብዬ ነው የማድረው። አደራሽን።»

«እሺ፣ አባባ» አለች ሬዲዮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መተላለፊያ ማለፍ ተወች፤ በሜዳው ዞራ ነው ክፍል የምትገባው።

የእረፍት ፕሮግራሙንም አላቀረበችም። «ጉሮሮዬን አሞኛል» አለች። ጭምት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ የአባቷን ሰፊ ጃኬት መልበስ ጀመረች። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኗን ከፍታ ታየውና «አልራበኝም» ብላ ለጎረቤቷ ትገፋለች። ልምምድ ላይ ብረቱ አሥራ ሁለት ሜትርን ማለፍ አቃተው። አሰልጣኟ ሜዳው ዳር ቆመው፣ «ብረቱ ያው ብረት ነው፤ አንቺ ነሽ የተቀየርሽው» ሲሏት ሬዲዮ ሰምታለች። ጭምት የጃኬቷን ዚፕ እስከ አገጯ ሳበችው።

ጭምት ማንን እንደጠረጠረች ተሰምቶ ቡድኑ በሙሉ ፌንጣን ፊት ነስቷታል። አግዳሚ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ይነሳሉ፤ ውኃ ስትጠይቅ የሚያቀብላት የለም። አንድ ቀን ሬዲዮ ቧንቧው አጠገብ ብቻዋን ስትታጠብ አገኘቻት። ፊቷን ታጥባ ብትጨርስም ውኃውን አልዘጋችውም።

«እኔ አልተናገርኩም» አለች ፌንጣ ሳትዞር። «ጭምት ግን እኔን ነው የምትለው። ልጆቹም ከሷ ብሰው ሙድ ይይዙብኛል። አቦ፣ እኔስ የተጻፈብኝን ማን አየልኝ? አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት ዘለልኩ፤ እስቲ ጽሑፉ ውስጥ ፈልጊው። ‹ሸንቃጣዋ ዘላይ› ነው የሚለው፤ ከሥሩ ስለ እግሬ የጻፉትን ለሰው አላነብም። እናቴ ካየችው ወዲህ ‹ሁለተኛ በቁምጣ ሰው ፊት አትቆሚም› ብላኛለች። ለትልቁ ውድድር የምሄድ አይመስለኝም።»

ሬዲዮ ቧንቧውን ዘጋችላት።

«አንቺን ትሰማለች» አለች ፌንጣ። «እባክሽ ንገሪያት። ፌንጣ አይደለችም በያት።»

«እሞክራለሁ» አለች ሬዲዮ። ይህም ውሸት ነበር። ውሸቱ ዳገት ላይ እንደሚሸከሙት ውኃ ሆነባት፤ ባስቀመጠችው ቁጥር ሌላ ይጨመርበታል።

በዚያው ቀን ለጋዜጠኛው ጻፈችለት። ስልክ ቁጥሩን ቅዳሜ ዕለት ሰጥቷት ነበር። «እባክዎ ጽሑፎቹን ያውርዷቸው። ጓደኛዬ ተጎድታለች።» መልሱ በድምጽ መጣ፤ ያው የሚስቅ ድምጽ።

«እህቴ፣ እኔ ከኪሴ ያወጣሁት ቃል የለም፤ ያልሽውን ነው የጻፍኩት። ቅጂው እጄ ላይ ነው። ደግሞ ሰው ወዶታል። ይልቅ ለትልቁ ውድድር ባጅ ላወጣልሽ አስቤያለሁ። ከጋዜጠኞች ጋር ትቀመጫለሽ፣ ከልብስ መቀየሪያው የሚገኘውን ወሬ ታመጪልኛለሽ። ምን ትያለሽ?»

ሬዲዮ ሦስት ጊዜ አዳመጠችው። ሦስተኛው ላይ ባጁ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ታያት፤ በጣም ትንሽ ለሆነች ጊዜ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ። ከዚያ ራሷን ጠላች። ለጋዜጠኛው ግን እምቢ ብላ አልመለሰችለትም። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

የሬዲዮ እናት ልብስ ሰፊ ናት። የቤቱ የፊት ክፍል መሥሪያዋ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ መጋረጃ የተጋረደበት መለኪያ ቦታ። የትምህርት ቤቱ የስፖርት ልብስ ለጭምት ትከሻ አልሆን ስላለ አሰልጣኟ ለሬዲዮ እናት አዘው ነበር። ልኬቱ የተወሰደው ከውድድሩ በፊት ነው። ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ጭምት ለመሞከር መጣች። ሬዲዮ የመርፌ ቁልፉን ሳህን ይዛ ከእናቷ ጎን ቆመች።

እናቷ ሰው ስትለካ ቁጥር ጮክ ብላ አትጠራም። ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች፣ ትዘጋዋለች፤ አለቀ።

ጭምት ጃኬቷን ስታወልቅ ጊዜ ወሰደባት። ልብሱን አጥልቃ ከመጋረጃው ወጣች።

«እትዬ» አለች ወለሉን እያየች፣ «ሰፋ አድርገው ይስፉልኝ።»

«የት ጋ ነው የጠበበሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አልጠበበኝም። ሁሉም ጋ ይስፋ። ቅርጽ የማያሳይ ይሁን። ጆንያ ቢመስልም ግድ የለኝም።»

«ጆንያ ለብሰሽ እንዴት ልትሽከረከሪ ነው? ክንድሽን ይይዝሻል።» እናቷ ወገቡን በጣቶቿ ያዝ አደረገችው። ጨርቁ ሦስት ጣት ያህል ተርፎ ተንጠለጠለ። እጇ እዚያው ቆመ። ደብተሩን ገልጣ አየች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ምሳ በልተሻል?» አለች ቀስ ብላ።

«በልቻለሁ፣ እትዬ።»

የጭምት ሆድ በዚያች ሰዓት ጮኸ። ክፍሉ ጸጥ ያለ ስለነበር ሁሉም ሰሙት። ማንም አልሳቀም። ሬዲዮ ምሳው የት እንደሄደ ታውቃለች፤ በዓይኗ አይታዋለች። እናቷ ዳቦና እንቁላል አቀረበች። ጭምት አንድ ቁራሽ ቆርሳ እጇ ላይ ይዛ ቆየችና፣ እነሱ ሲዞሩ ሳህኑ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

ጭምት ከሄደች በኋላ እናቷ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች።

«ያንን ጽሑፍ ትናንት አንዲት ደንበኛ አነበበችልኝ» አለች።

ሬዲዮ የተነቀሉትን መርፌ ቁልፎች ሳህኑ ውስጥ ሰበሰበች።

«የበሩ ቀልድ የአጎትሽ ነው። እዚህ በመጣ ቁጥር በራሱ ውፍረት ይቀልዳል። ሌላ ቤት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

ሬዲዮ ሳህኑን ጠረጴዛው ዳር ላይ አስቀመጠችው። እናቷ ቀና ብላ አላየቻትም። ብትቆጣ፣ ብትጮህ፣ ሬዲዮ እንዴት እንደምትመልስ ታውቅ ነበር። እናቷ ግን የምትናገረው ስለ ሌላ ሰው ልብስ የምታወራ ይመስል ነበር።

«ስንት ዓመት ሰው ለካሁ። እዚያ መጋረጃ ውስጥ ሰው ራቁቱን ያህል ነው የሚቆመው። ጠባሳ አያለሁ። ሳትናገር ያረገዘች አያለሁ። ሐዘን ያከሳው አያለሁ። ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም። እጁን ወደ ላይ አንስቶ የቆመ ሰው ራሱን አምኖ ነው የሰጠሽ።» የመጨረሻዋን መርፌ ነቀለች። «አጎትሽ የቀለደው በራሱ ነው። አንቺ ወስደሽ በሰው ላይ አለበስሽው።»

«እናቴ፣ እኔ እኮ እንዲህ ይሆናል ብዬ …»

«አውቃለሁ። አላሰብሽውም።» ጠመኔውን አነሳች። «ለልጅቷ እኔ አልነግራትም፤ የኔ ነገር አይደለም። አሁን ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ይህን ልብስ በዛሬው ልኳ ላጥብበው ወይስ በበፊቱ ልተወው?»

ሬዲዮ ልብሱን አየችው። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ሁለት ጊዜ የተሰፋ። ያ ልብስ የተለካው ቅዳሜ ዕለት ብረቱን ከባንዲራዋ ላሳለፈችው ልጅ ነው።

«በበፊቱ ተዪው» አለች። ድምጿ ከራሷ ጆሮ አልደረሰም። እንደገና «አታጥብቢው» አለች።

እናቷ ጠመኔውን መልሳ አስቀመጠች።

በማግሥቱ ሬዲዮ አንድ ገጽ ጽፋ ትምህርት ቤት ሄደች። ሐሳቧ በእረፍት ሰዓት ሁሉንም በድምጽ ማጉያው መናገር ነበር። ትንሿን የፕሮግራም ክፍል ከፍታ ገባች፣ ማሽኑን አበራች፣ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋች። «ውድ ተማሪዎች፣ ዛሬ ስለ ጓደኛዬ …» ይላል የመጀመሪያው መስመር። እዚያ ላይ ቆመች። ግቢው በሙሉ እንደገና ስለ ጭምት ሊሰማ ነው። ጭምት ሜዳው መሀል ቆማ፣ ሁሉም ዞሮ እያያት። ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። አምሮ የተጻፈ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ሰው የሚያስለቅስ አረፍተ ነገርም ነበረው። አፈረችበት። ማሽኑን አጠፋችና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ከትምህርት በኋላ ወደ መወርወሪያው ሜዳ ሄደች። ጭምት ክቡ ዳር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስራለች። ጃኬቱ አሁንም እላይዋ ላይ ነው። ሬዲዮ አጠገቧ አልተቀመጠችም፤ ቆመች።

«ፌንጣ አይደለችም» አለች። «እኔ ነኝ።»

ጭምት ክሩን አስራ ጨረሰች።

«ምኑ ነው አንቺ?»

«ለጋዜጠኛው የተናገርኩት። የበሩንም የጫማውንም። ማይክሮፎን ሰጠኝ፣ ሳቀልኝ፣ ተናገርኩ።»

ጭምት ቀና ብላ አየቻት። ሬዲዮ ቁጣ ጠብቃ ነበር። ያየችው ግን ቁጣ አልነበረም፤ መንገድ ላይ የምታውቂያት ሰው መስላሽ ስትቀርቢ ሌላ ሰው ስትሆንብሽ የምታዪበት ዓይን ነው።

«ሲስቅልሽ ደስ አለሽ?»

«አዎ።»

«‹ሊሆን ይችላል› ስትዪኝስ? እኔ ፌንጣ ናት ስልሽ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

«እኔ ያን ቀን ብረቱ ሲያርፍ» አለች ጭምት፣ «አሰልጣኜን አላየሁም። ርቀቱንም አላየሁም። መጀመሪያ የፈለግኩት አንቺን ነው። ስትጮኺ አየሁሽ።»

ሬዲዮ ይቅርታ የሚለውን ቃል ተናገረችው፤ ሲወጣ ትንሽ ነበር። ጭምት አልተቀበለችውም፣ አልመለሰችውምም። ተነስታ ሱሪዋን አራገፈች።

«ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው ፌንጣን ሰላም ካልኳት» አለች። «ልጆቹ ሁሉ በእኔ የተነሳ ነው የራቋት።»

«በእኔ የተነሳ ነው። አሁን ወደሷ ልሄድ ነው። ለእናቷም እነግራታለሁ፤ እንዳትወዳደር ከልክላታለች።»

«እኔም እሄዳለሁ።» ጭምት ቦርሳዋን አነገተች። «ከአንቺ ጋር ግን አይደለም።»

«እሺ» አለች ሬዲዮ። «ከኋላ እመጣለሁ።»

መንገዱ ሩቅ አልነበረም። ጭምት ከፊት፣ ሬዲዮ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላ። ጭምት መንገድ ስትሻገር ሬዲዮ መኪና እስኪያልፍ ቆመች፤ ዞር ብሎ የጠበቃት ግን የለም። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተርገበገበ። ጋዜጠኛው ነው፤ «ባጁን ላዘጋጅ?» ይላል። እየሄደች «አልፈልግም» ብላ ጻፈችና ቁጥሩን አጠፋችው። ደስታ አልተሰማትም፤ ዘግይታ የሠራችው የቤት ሥራ ነበር የመሰላት።

የፌንጣ እናት ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ባንኮኒ፣ ሁለት የሚያቃስቱ ማሽኖች። ፌንጣ ከትምህርት በኋላ ጥግ ላይ ተቀምጣ ወረቀት ትጠርዛለች። ጭምት ቀጥ ብላ ከባንኮኒው ጀርባ ገባችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ምን እንደተባባሉ ሬዲዮ አልሰማችም፤ ማሽኑ ይጮሃል። ፌንጣ መጠረዣውን ስታስቀምጥ ግን አየች። ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው ወደሷ ተመለከቱ። ፌንጣ ፊቷን አዞረች።

ሬዲዮ ሰልፉ ውስጥ ገባች። ከፊቷ ሦስት ሰው አለ። አንዲት ሴት ወፍራም መጽሐፍ ይዛለች፤ ያ ይቆያል ብላ አሰበች፣ ማሰቧንም ደስ ብሎት የሚቀበል አንድ ልብ ውስጧ እንዳለ አወቀች። በአፏ ውስጥ ቃላቱን ደረደረች፣ አፈረሰች። በልጅነቷ ሙሉ ቃል አጥሯት አያውቅም ነበር። ሴትየዋ ጨርሳ ሄደች። ሁለተኛውም ሄደ። ሦስተኛው ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ሳለ አንድ ሰውዬ መታወቂያ ይዞ ከውጭ እየተጣደፈ ገባ።

«እህቴ፣ አንዲት ገጽ ብቻ ናት፤ ቸኩያለሁ፤ ላስቀድም?»

መንገዱን ብትለቅለት ማንም አይታዘባትም። ከእሱ ኋላ ደግሞ ሌላ ሰው እየመጣ ነበር።

«ይቅርታ» አለች ሬዲዮ። «ተራዬ ነው።»

የፌንጣ እናት መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አየቻት። ሬዲዮ ሁለት እጆቿን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።